ልቡ የቆመን ሰው ለማዳን የሥራ ክፍፍል
በድንገት የወደቀ አዋቂ ሰው ሲጠሩት ካልመለሰና በወጉ ካልተነፈሰ ልቡ ቆሟል ተብሎ ይገመታል። አንጎል ደም ሲያጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሚጎዳ፣ በሥፍራው ያሉ ሰዎች እንደ ደቦ ሥራውን ወዲያው መከፋፈል ይኖርባቸዋል።

አንዱ መሪ ሆኖ እያንዳንዱን ለይቶ ያዝዛል፤ «አንድ ሰው ይደውል» ከተባለ ሁሉም ሌላውን ይጠብቃልና። የታዘዘው በ907 አምቡላንስ ጠርቶ መንገድ ወጥቶ ይቀበላል።

ሌላው የወደቀውን በጀርባው አስተኝቶ፣ መዳፎቹን ደራርቦ የደረቱን መሐል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫናል። ክንድ ሲዝል ግፊቱ ስለሚላላ በየ2 ደቂቃው ተተኪው ይረከበዋል። የሠለጠነ ሰው ካለ ከ30 ግፊት በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ ከሌለ ግፊቱ ብቻ ባለሙያ እስኪደርስ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።