ባዶ ቤት፣ ሙሉ ምድር ቤት

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ ባልና ሚስት ልጃቸውን ለመጠየቅ ሲያትል ሲሄዱ፣ ቤታቸውን ለስምንት ወር እንድጠብቅላቸው ጠየቁኝ። ሥራዬ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ የትም ብቀመጥ ያው ነው፤ የኪራይ ብሩም ይተርፈኛል። እሺ አልኩ። እትዬ ቁልፉን ሲሰጡኝ "ልጄ፣ እንደ ራስህ ቤት ቁጠረው" አሉኝ። መኝታ ቤታቸውን ግን ቆልፈውታል። የቀረው ክፍል ደግሞ ሙሉ ነው፦ ብፌው በብርጭቆ፣ ቁም ሳጥኑ በጋቢና በሱፍ፣ ግድግዳው በምርቃት ፎቶ። እኔ ሁለት ሞኒተር፣ ሦስት ካርቶን መጽሐፍ፣ ብስክሌትና ፍራሽ ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። የእኔን ለማስገባት የማን ዕቃ ይነሳ? ተነስቶስ የት ይሂድ? ትንሽ አሰብኩና ጓዜን ጠቅልዬ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ገባሁ።

ያን ሰሞን ነው ስለ ቦብ ፍሌቸር ያነበብኩት። እሱም ሰርቪስ ቤት ነው የገባው። የእሱ ምክንያት ግን የቦታ ጥበት አልነበረም።

ፍሌቸር ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሳክራሜንቶ ወጣ ብላ በምትገኘው ፍሎሪን የእርሻ ምርት ተቆጣጣሪ ነበር። ፍሎሪን የወይንና የስትሮበሪ አገር ነበረች። ከገበሬዎቿ ብዙዎቹ ከጃፓን የመጡ ስደተኞችና እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው ነበሩ። በታኅሣሥ 1941 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በየካቲት 19፣ 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ትእዛዝ ቁጥር 9066ን ፈረሙ። ትእዛዙ ጃፓናውያንን በስም አይጠራም፤ ጦር ኃይሉ ከመረጠው አካባቢ የፈለገውን ሰው እንዲያስወጣ ብቻ ይፈቅዳል። በተግባር ግን ከምዕራቡ ጠረፍ የተጋዘው ወደ 120 ሺህ የሚጠጋው ሕዝብ የጃፓን ዘር ያለው ነበር። ከሦስት ሁለት እጁ የአሜሪካ ዜጋ ነው።

የመጋዙን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ የዕቃው ነገር ነው።

በየመብራት ምሰሶው የተለጠፈው ማስታወቂያ ምን ይዞ መሄድ እንደሚቻል ይዘረዝራል፦ አንሶላና ብርድ ልብስ (ፍራሽ ግን አይቻልም)፣ የንጽሕና ዕቃ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማንኪያ፣ ሹካ፣ ሳህንና ኩባያ። የቤት እንስሳ ክልክል ነው። መጠኑ ደግሞ ቤተሰቡ በእጁ ሊሸከም የሚችለውን ያህል ብቻ። የሁለት ዓመት ሕፃን ያላት እናት አንድ እጇ አስቀድሞ ተይዟል እኮ። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር ተሰጠው፤ ያ ቁጥር በካርድ ተጽፎ ሻንጣው ላይም፣ የሰዎቹ ኮት ላይም ተንጠለጠለ። ዳታቤዝ ስሠራ ለሰውም ለዕቃም መለያ ቁጥር እሰጣለሁ፤ በሥራዬ በጣም ተራው ነገር ይኸው ነው። ሻንጣና ሕፃን ልጅ አንድ ቁጥር አንጠልጥለው የሚታዩበትን ፎቶ ካየሁ በኋላ ግን ለተወሰኑ ቀናት ከበደኝ።

በእጅ የማይያዘውስ? መንግሥት ትልልቁን ዕቃ፣ ማለትም ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ፒያኖ፣ ከባድ የቤት ዕቃ፣ በመጋዘን አስቀምጥላችኋለሁ ብሏል። ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ግን ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ ነው። ትናንሹ ዕቃ በሣጥን ታሽጎ ስምና አድራሻ በግልጽ ከተጻፈበት ይወሰዳል። አድራሻ! ከቤቱ እየተባረረ ላለ ሰው።

አንድ ዕቃ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ባለቤቱ ሩቅ ሲሆን፣ መሐል ላይ ያለው ሰው ነገሩን ሁሉ ይወስነዋል። በእኛ ቋንቋ ይህ አደራ ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ አደራን ራሱን እንደቻለ የውል ዓይነት ያውቀዋል። "እኔ ጋ አስቀምጥ፣ ቢጠፋ ግን አላውቅም" የሚለው ግን አደራ አይደለም፤ የመጋዘን ጣሪያ ማሳየት ነው። ብዙዎቹም አላመኑትም።

ያላመኑት ሸጡ። ገዢዎቹ የሰዉን ችኮላ ስለሚያውቁ በየመንገዱ እየዞሩ ፍሪጅን በጥቂት ዶላር ይወስዱ ነበር። የሎስ አንጀለስ ወደብ አጠገብ ባለችው ተርሚናል አይላንድ የሚኖሩት ጓዛቸውን ለመሸከፍ የተሰጣቸው 48 ሰዓት ነው። ከዚያች ደሴት የተባረረችው ጄን ዋካትሱኪ ሂውስተን፣ እናቷ ውድ የሸክላ ሳህኖቻቸውን ለነጋዴው በርካሽ ከመሸጥ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ እየወረወሩ መሰባበራቸውን ጽፋለች።

ሌሎቹ የሚያምኑትን ቦታ ፈለጉ። የቡድሃ ቤተ መቅደሶችና አብያተ ክርስቲያናት አዳራሻቸውን ከፈቱ። እናም ሲያትል ውስጥ፣ እነ እትዬ በሄዱባት ከተማ፣ ፓናማ የሚባል ሆቴል ነበር። በ1910 ሳብሮ ኦዛሳ በሚባል ጃፓናዊ አርክቴክት ተነድፎ የተሠራ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የጃፓኖች ባህላዊ መታጠቢያ ነበረው። ከ1938 ጀምሮ ባለቤቱ ታካሺ ሆሪ ነበሩ። የሰፈሩ ቤተሰቦች ሻንጣና ሣጥናቸውን እየያዙ መጡና በዚሁ ምድር ቤት ደረደሩት። ሆሪ ራሳቸውም ተጋዥ ናቸው፤ ሆቴሉን ለሌላ ሰው በአደራ ትተው አይዳሆ በረሃ ውስጥ ወዳለው ሚኒዶካ ካምፕ ሄዱ። እንግዲህ አስቡት፦ አደራ ተቀባዩም አደራ ሰጪ ሆነ።

ወደ ፍሌቸር ልመለስ። የፍሎሪኑ ገበሬ አል ሱካሞቶ አንድ ሐሳብ አቀረበለት። የኦካሞቶንና የኒታን ቤተሰቦች እርሻ ተንከባከብ፣ ግብሩንና የባንክ ዕዳውን ክፈል፣ ትርፉ ያንተ ይሁን። ፍሌቸር ያን ጊዜ 30 ዓመቱ ነው። የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ የሱካሞቶንም እርሻ ጨመረበት። በአጠቃላይ 90 ኤከር፣ በእኛ ወደ 36 ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው፤ አብዛኛው ወይን። በቀን እስከ 18 ሰዓት ይሠራ ነበር። የአካባቢው ሰው ጠመደው። አንድ ቀን እሱ እዚያው እያለ ወደ ሱካሞቶ ጎተራ ጥይት ተተኮሰ።

የሱካሞቶ ቤተሰብ በቤታችን ኑር ብሎታል። ፍሌቸር ግን የሄደው ለወቅት ሠራተኞች ወደተሠራችው ማደሪያ ነው፤ እኛ ብንሆን ሰርቪስ ቤት የምንላት ዓይነት። በኋላ ቴሬሳን ሲያገባ እሷም እዚያው ገባች። ቤቱ የሱካሞቶዎች ነው ብላ እምቢ አለች።

ይህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ሙሉ ቤት ባዶውን ቆሞ፣ ፈቃድም ተሰጥቷቸው፣ ሁለት ሙሽሮች ለሠራተኛ በታሰበች ክፍል ውስጥ። መጀመሪያ ላይ ግትርነት መሰለኝ። ነገር ግን ዕቃህን ከሰው ዕቃ ጋር ለሦስት ዓመት ብትቀላቅል ምን እንደሚመጣ እናውቃለን። መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ቦታ ለማግኘት የእነሱ ሳህን ወደ ካርቶን ይገባል። ካርቶኑ ወደ ጓሮ ይወጣል። ጓሮው ዝናብ ይገባዋል። ማንም ሌባ ሳይሆን ቤቱ ቀስ እያለ ባለቤት ይቀይራል። ይህ በብዙ ቤቶች ሆኗል፤ የክፉዎቹን ማለትም ዕቃውን የዘረፉትን፣ ቤቱን ያቃጠሉትን ሳንቆጥር። ፍሌቸርና ቴሬሳ ያን በር መጀመሪያውኑ አልከፈቱትም።

የሱካሞቶ ቤተሰብ እስከ አርካንሶ፣ ጄሮም የሚባል ካምፕ ድረስ ተወስዶ ነበር። በ1945 ሲመለሱ ቤታቸው በቴሬሳ ተጠርጎና ተወልውሎ ጠበቃቸው። ፍሌቸር ከትርፉ የወሰደው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀሪው በባንክ ተቀምጧል። እርሻው ዕዳ የለበትም። ለተመላሾች ዕቃ አንሸጥም የሚሉ ሱቆች ስለነበሩም ፍሌቸር ገዝቶ ያመጣላቸው ነበር። በ2013 ሲሞት 101 ዓመቱ ነበር።

ፍሌቸር ያልነበራቸውስ? በ1948 ኮንግረስ የንብረት ካሳ ሕግ አወጣ። 26,568 ማመልከቻ ቀረበ፤ የተጠየቀው ገንዘብ 148 ሚሊዮን ዶላር ነው። የተከፈለው ወደ 37 ሚሊዮን ገደማ። ችግሩ ማስረጃው ነው። ምን ነበረህ፣ ስንት ገዛኸው፣ ደረሰኝህ የታለ? ሰዎቹ የወጡት በእጃቸው የቻሉትን ይዘው ነው። የቤት ዕቃ ደረሰኝ በእጅ ከሚያዘው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ከታች ሆኖ ቅጽ የሚሞላ ሰው ይህን ወዲያው ያየዋል፤ ቅጹን ያዘጋጀው ክፍል ያላየው ይመስላል፣ ወይም አይቶ አልፎታል። በ1988 በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላርና ይፋዊ ይቅርታ የሰጠው ሕግ ሲወጣ፣ ሣጥኖቹን ያሸጉት ወላጆች አብዛኞቹ ሞተው ነበር።

ሆሪ ከካምፕ ተመልሰው ፓናማ ሆቴልን እንደገና አስተዳደሩ። አንዳንዱ ሰው መጥቶ ሣጥኑን ወሰደ፤ ሌላው ሌላ ከተማ ኑሮ መሠረተ፣ ወይ ሞተ፣ ወይ ያን ሣጥን ዳግም መክፈት አልፈለገም። በ1985 ሆቴሉ ሲሸጥ የ37 ያህል ቤተሰቦች ንብረት ምድር ቤቱ ውስጥ ነበር። አዲሷ ባለቤት አልጣለችውም። ፎቁ ላይ ሻይ ቤት ስትከፍት ወለሉ ላይ መስታወት አስገባች፤ ሻይ የሚጠጣው ሰው አጎንብሶ ከታች ያሉትን ሻንጣዎች ማየት ይችላል። በ2006 ሆቴሉ ብሔራዊ ታሪካዊ ቦታ ተብሎ ተመዘገበ።

እነ እትዬ በስምንተኛው ወር ተመለሱ። ሰርቪስ ቤት መክረሜን ሲያውቁ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ተቆጡ። "ይሄ ሁሉ ቤት እያለ? ሰው ምን ይለናል?" አሉ። ከዚያ የተቆለፈውን መኝታ ቤት ከፍተው ገቡና ብዙ ቆዩ። ሲወጡ በእጃቸው አንድ ጥቁር ፌስታል ይዘዋል፤ ውስጡ የልጃቸው የአንደኛ ደረጃ ደብተሮች። ሲያትል ሊወስዱለት ፈልገው ሻንጣው ከኪሎ በላይ ስለሆነባቸው ትተውት ሄደው ነበር።