ከመሬት በታች የታሰቡ ባቡሮች

በጥር 2025 አቡ ዳቢንና ዱባይን በ30 ደቂቃ የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር እንደሚሠራ በይፋ ተነገረ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ፍጥነቱ በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ተባለ። በወር ሁለት ቀን ብቻ ለምታርፍ፣ አቡ ዳቢ ያለች እህቷን ለማየት ብላ ግማሽ ቀኗን መንገድ ላይ ለምትጨርስ ሴት ይሄ ትልቅ ወሬ ነው።

ግን እንዲህ ያለ ወሬ ስንሰማ የመጀመሪያችን አይደለም። በ2016 ደግሞ ሃይፐርሉፕ የሚባል ነገር መጥቶ ነበር። አየሩ ተመጦ በወጣ ቱቦ ውስጥ ሰው ተጭኖ ከዱባይ አቡ ዳቢ በ12 ደቂቃ ይደርሳል ተብሎ ስምምነት ተፈረመ፣ የተሳፋሪው ክፍል ሞዴልም ለሕዝብ ታየ። ያ ኩባንያ ሰው አሳፍሮ የሞከረው በ2020 አሜሪካ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር በሆነች መስመር ላይ ነው። በ2023 መጨረሻ ተዘጋ።

ሐሳቡ ራሱ ከሃይፐርሉፕ በፊትም ነበር። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሮዶልፍ ኒት የሚባል መሐንዲስ በ1970ዎቹ ትልልቆቹን ከተሞች ሁሉ ከመሬት በታች እናገናኝ አለ። አገሩ ተራራ ነው፣ ሜዳው ደግሞ በእርሻና በቤት ተይዟል፤ ስለዚህ ባቡሩ እንዳለ መሬት ውስጥ ይግባ ነው ነገሩ። አየሩ በሳሳበት ዋሻ ውስጥ፣ በማግኔት ኃይል ተንሳፎ፣ በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር፣ በየጥቂት ደቂቃው የሚነሳ ባቡር። ስሙንም ስዊስሜትሮ አሉት። ሎዛን ያለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አጠናው፣ በ1992 ኩባንያ ተቋቋመለት፣ በ1997 ከጄኔቭ እስከ ሎዛን ለመጀመር የመንግሥት ፈቃድ ተጠየቀ። ገንዘቡ ግን አልተገኘም። በ2009 ኩባንያው ፈረሰ፤ አንድ ሜትር እንኳ አልተቆፈረም።

እኔን የገረመኝ ስዊዞቹ በዚያው ጊዜ ያደረጉት ሌላ ነገር ነው። በ1987 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ባቡር 2000 የሚባለውን ዕቅድ አጸደቀ። የዕቅዱ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ባቡሩ እጅግ ፈጣን መሆን የለበትም፤ ዋናው ትልልቆቹ ጣቢያዎች ላይ ባቡሮቹ ሁሉ በተቀራረበ ደቂቃ ገብተው በተቀራረበ ደቂቃ ይውጡ፣ ወርዶ የሚቀይር ሰው ቆሞ አይጠብቅ ነው። ለዚህ እንዲመች የበርንና የዙሪክ ጉዞ ከአንድ ሰዓት በታች መሆን ነበረበት። በ2004 አዲስ ሐዲድ ተዘርግቶ 56 ደቂቃ ሆነ፤ ከዚያ በላይ ለማፍጠን አልተጨነቁም። ያ ባቡር ዛሬም ሰው ያመላልሳል። ስንት ጊዜያችን የሚያልቀው ተሳፍረን ሳይሆን ፌርማታ ላይ ቆመን መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ይሄ ይገባናል።

አሁን ደግሞ በጣም ወደኋላ ልውሰዳችሁ፣ የዓለም የመጀመሪያው የመሬት ውስጥ ባቡር ወደተሠራባት ለንደን። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ይሠራ እያለ የወተወተው ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የከተማው አስተዳደር የሕግ ሰው ነበር። የእሱ ጭንቀት ድሀው ነው። ሠራተኛው መሃል ከተማ ውስጥ በተጨናነቀና በቆሸሸ ቤት ታጭቆ የሚኖረው፣ ሩቅ ሄዶ መኖር ቢፈልግ እንኳ በጠዋት ሥራው ላይ የሚያደርሰው ርካሽ ነገር ስለሌለ ነው ይል ነበር። ባቡሩ ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ሥራ ሲጀምር ፒርሰን አላየውም፤ ከጥቂት ወራት በፊት ሞቷል። የመጀመሪያው ቀን ብቻ ወደ 38,000 ሰው ተሳፈረ። በከሰል ጭስ እያሳለ፣ ሰው ግን ተሳፈረ!

በ1864 ኩባንያው የሠራተኛ ባቡር የሚባል ጨመረ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩልና ከ11፡40 የሚነሱ ሁለት ባቡሮች፣ ደርሶ መልስ 3 ፔንስ። በዚያው ዓመት ሌላ ኩባንያ መሃል ከተማ ትልቅ ጣቢያ ለመሥራት የድሆችን ቤት ሊያፈርስ ሲል፣ ፓርላማው በልዋጩ ርካሽ የሠራተኛ ባቡር እንዲያስሄድ በሕግ አስገደደው። በ1883 ደግሞ ሕጉ ወደ ሌሎቹም የባቡር ኩባንያዎች ሰፋ። በደግነት የተሰጠ አይምሰላችሁ፤ ሕግ ነው ያስወጣው።

ይሄም ሆኖ ጉዱ አላለቀም። ርካሹ ትኬት የሚሠራው በማለዳው ባቡር ብቻ ነው። ልብስ የሚሰፉ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጃገረዶች ትርፍ ሳንቲም ላለማውጣት በጨለማ ተነስተው ይመጣሉ፤ ሥራ ቦታው ደግሞ ገና አልተከፈተም። ብርድ ላይ መንገድ ዳር ይቆማሉ። በ1890ዎቹ የኦል ሃሎውስ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ሳሙኤል ስቶን ይህን አይቶ፣ ሴቶቹ ሥራቸው እስኪከፈት ተቀምጠው እንዲቆዩ ደብሩን በማለዳ ማስከፈት ጀመረ። ባቡሩ ርካሽ ነው፣ ደርሷልም፤ ሰዓቱ ግን ለእነሱ ታስቦ አልተቀጠረም።

የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዱባይ ሜትሮ መስከረም 9 ቀን 2009 ሲከፈት ሹፌር የሌለው ባቡር፣ የሴቶችና የሕጻናት ክፍል ያለው፣ ቀዝቃዛ አየር ያለው ተብሎ ተወደሰ። ይገባዋልም፤ ብዙዎቻችን ታክሲ ለምነን፣ ሹፌር ፈርተን ከምንሄድ ብቻችንን ከተማውን ማወቅ የቻልነው በእሱ ነው። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አርብ ቀን ሥራ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነበር። ያኔ የእረፍት ቀን አርብ ነው። ጠዋት ከማዳም ቤት የወጣች ሴት ባቡሩ የሚነሳው ምሳ ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ የሴቶች ክፍል መኖሩ ምኗ ነው? በኋላ መነሻው ወደ ጠዋት ተሳበ፤ እሱም ቢሆን ለዓመታት ከሌላው ቀን ያረፍድ ነበር።

ለአዲሱ ፈጣን ባቡር ስማቸው የተጠራ ጣቢያዎች ሪም ደሴት፣ ሳዲያት፣ ያስ፣ ሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎችና አል ጃዳፍ ናቸው። ያስ ማለት መዝናኛው፣ ሳዲያት ማለት ሙዚየሙና ውድ ቪላው። በዚያ ቪላ ውስጥ የምትሠራ እህታችን ጣቢያው ደጇ ላይ ይሆንላታል፤ አል ጃዳፍም አረንጓዴው የሜትሮ መስመር ይደርሰዋል። ስለዚህ መንገዱ እንኳ ለእኛ አልጠፋም። የሚቀረው የትኬቱ ዋጋና በእረፍት ቀን የመጀመሪያው ባቡር የሚነሳበት፣ የመጨረሻው የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ስለ ፍጥነቱ ብቻ ከሚያወራ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ እነዚህን አታገኟቸውም።

እስከዚያው ከኢብን ባቱታ አቡ ዳቢ የሚሄደው አውቶቡስ አለ፣ 25 ድርሃም። ሰልፉን የምታውቁት ታውቁታላችሁ።