የእንግሊዝኛ ሞክሼ ቃላት ታሪክ

በእንግሊዝኛ ለጆሮ አንድ ሆነው በፊደልና በትርጉም የሚለያዩ ቃላት ብዙ ናቸው። «ናይት» ሲባል ሌሊት ማለት ሊሆን ይችላል፤ የመካከለኛው ዘመን ባለማዕረግ ፈረሰኛም ሊሆን ይችላል። ሲጻፍ ግን ሌሊቱ በኤን፣ ፈረሰኛው በኬ ይጀምራል። ዛሬ የማትነበበው ኬ በአንድ ወቅት ትነበብ ነበር።

በ14ኛው መቶ ዘመን ፈረሰኛው «ክኒኽት»፣ ሌሊቱ «ኒኽት» ይባሉ ነበር። በሁለቱም ቃላት መሃል ያሉት ጂ እና ኤች የሚወክሉት ይህን «ኽ» ነው። ውሎ አድሮ «ኽ» ከአብዛኛው እንግሊዛዊ አንደበት ጠፋ። በ17ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ «ክ»ም ተከተለው፤ ሁለቱ ቃላት ሞክሼ ሆኑ።

አናባቢዎችም እንዲሁ ተንቀሳቅሰዋል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ገደማ ረጃጅሞቹ አናባቢዎች ቦታ ተለዋወጡ። በሼክስፒር ዘመን «መገናኘት» እንደ ዛሬው «ሚት» ሲባል፣ «ሥጋ» ገና ወደ «ሜት» የቀረበ ነበር። ኋላ ሁለቱም «ሚት» ሆኑ፤ የድሮ ልዩነታቸው የቀረው አንዱ በኢ እና ኤ፣ ሌላው በድርብ ኢ በመጻፉ ብቻ ነው።

አጻጻፉ ከድምፁ ጋር ያልተለወጠው በዋናነት በኅትመት ምክንያት ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. ዌስትሚንስተር ውስጥ ማተሚያ ቤት ከፈተ። በቀጣዮቹ ሁለት መቶ ዓመታት አታሚዎች አጻጻፉን እያረጉት ሲሄዱ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ። በአማርኛም «ሠ» እና «ሰ» በድምፅ ተዋህደው በገበታው ላይ ለየብቻ ቀርተዋል።

ተቃራኒ ታሪክ ያላቸውም አሉ። አበባና ዱቄት፣ ሁለቱም «ፍላወር»፣ ከፈረንሳይኛ የመጣ አንድ ቃል ነበሩ፤ ዱቄቱ ስሙን ያገኘው የእህሉ ምርጥ ክፍል፣ «አበባው» በመሆኑ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት አልለያቸውም። በፊደል መለያየታቸው የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

ድምፆቹ ሲዋሃዱ ተማሪ በጆሮው ብቻ መጻፍ አቃተው። የትምህርት ቤት መምህሩ ሪቻርድ ሆጅስ በ1643 እ.ኤ.አ. በድምፅ የሚመሳሰሉ፣ በፊደልና በትርጉም የሚለያዩ ቃላትን የዘረዘረ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። ቶማስ ዲልወርዝም በ1740 እ.ኤ.አ. ባወጣው መማሪያ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አካተተ፤ መጽሐፉ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶችም ተስፋፍቶ ነበር።

ባለቅኔው ሮበርት ብሪጅስ በ1919 እ.ኤ.አ. ስለ ሞክሼ ቃላት ባሳተመው ጽሑፍ የደቡብ እንግሊዝ አነጋገር ቁጥራቸውን እያበዛ ነው ሲል ወቀሰ። በዚያ አነጋገር ከአናባቢ በኋላ ያለው «ር» ስለማይሰማ «አባት» እና «ይበልጥ ሩቅ» የሚሉት ቃላት አንድ ይሆናሉ። «ር»ን በሚያሰሙት አብዛኞቹ አሜሪካውያንና ስኮትላንዳውያን ዘንድ ግን ሁለቱ በድምፅም ይለያሉ። ስለዚህ የሞክሼዎች ዝርዝር እንደ ተናጋሪው አገር ይለያያል።