ቁጥር 721 እና የበስራው ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም

ዛሬ በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5 እና ለ6 ሲካፈል ሁልጊዜ 1 የሚተርፈው፣ ለ7 ሲካፈል ግን ምንም የማይተርፈው ቁጥር የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት መርምሮ የመለሰው ኢብኑል ሀይሠም ነው። እ.ኤ.አ. በ965 አካባቢ በበስራ ተወለደ፤ በ1040 አካባቢ በካይሮ አረፈ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ስለ ብርሃንና ዕይታ በጻፈው «ኪታቡል መናዚር» ነው። በቁጥር ላይ የሠራው ሥራ ግን ብዙም አይወራለትም።

መልሱን እንይ። ከ1 እስከ 6 ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ ስናባዛ 720 እናገኛለን። 720 ለሁሉም ይካፈላል፤ ስለዚህ 1 ጨምረን 721 ስናደርገው 1 ይተርፋል። 721 ደግሞ 7 ጊዜ 103 ነው። ሌሎች መልሶችም አሉ፤ ለምሳሌ 301። የ721 ምስጢር ግን ሰፊ ነው።

7 ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ አይካፈልም። ከማንኛውም ብቸኛ ቁጥር በታች ያሉትን ሁሉ አባዝተን 1 ብንጨምር ውጤቱ ለዚያው ቁጥር ይካፈላል። ቁጥሩ ብቸኛ ካልሆነ ግን አይካፈልም። በ6 እንሞክር፦ ከ1 እስከ 5 ያሉት ሲባዙ 120፣ 1 ሲጨመር 121፤ ለ6 አይካፈልም።

ይህ ደንብ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት «የዊልሰን ቴረም» ይባላል። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዋሪንግ እ.ኤ.አ. በ1770 የተማሪው የጆን ዊልሰን ግኝት ነው ብሎ አሳተመው። ማረጋገጫውን በ1771 ያቀረበው ግን ላግራንዥ ነው።

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ኢብኑል ሀይሠም ደንቡን ተጠቅሞበታል፤ ማረጋገጫ ጽፎ ግን አልደረሰንም። ስለዚህ ከላግራንዥ ድካም አንቀንስም። የበስራውን ሊቅ ስም ከታሪኩ መሰረዝ ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

ሌላም አለ። 28 ራሱን ሳይጨምር የሚካፈልባቸው 1፣ 2፣ 4፣ 7 እና 14 ሲደመሩ መልሰው 28 ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለው ፍፁም ቁጥር ይባላል። ዩክሊድ 2ን ደጋግመን አባዝተን 1 ስንቀንስ ብቸኛ ቁጥር ከወጣ፣ ከእርሱ ፍፁም ቁጥር እንደሚገኝ አሳየ። ኢብኑል ሀይሠም ተጋማሽ ፍፁም ቁጥሮች ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ እንደሚገኙ ለማሳየት ሞከረ፤ ሙሉ ማረጋገጫውን ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰጠ።

በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነውና እስከዚያ ከታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ የሆነው ከዚሁ ዝርያ ነው፦ 2 በራሱ 136,279,841 ጊዜ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ። 41,024,320 አሃዞች አሉት! የ721 ደንብ እንዲህ ላለ ግዙፍ ቁጥር አይመችም፤ ብዜቱ ስለማያልቅ ኮምፒውተሮች በሌላ ፈጣን መመርመሪያ ይጠቀማሉ።

ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን በ11 አስሞክሯቸው። ደንቡን ሲያገኙት፣ የኢብኑል ሀይሠምንም ስም አብራችሁ ንገሯቸው።