ዛፎች ድርቅንና ጨውን እንዴት ይቋቋማሉ? ምሥጢሩ ያለው እንጨታቸው ውስጥ ነው

በኬንያ የባሕር ዳርቻና በኤርትራ የቀይ ባሕር ጠረፍ የሚበቅሉት ማንግሮቮች ሥራቸው በጨዋማ ውሃ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚገኘው የሐበሻ ጥድ ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ በጋን ችሎ ያልፋል። ሁለቱም የሚጋፈጡት ፈተና ግን አንድ ነው፦ ውሃን ከሥር እስከ ቅጠል ሳይቋረጥ ማድረስ።

ፍጥነት ወይስ ደኅንነት?

ውሃ በዛፍ ውስጥ የሚጓዘው እጅግ ቀጫጭን በሆኑ የእንጨት ቧንቧዎች ነው። ቅጠሎች ውሃ ሲያተኑ የሚፈጠረው ውጥረት ከታች ያለውን ውሃ ሽቅብ ይስበዋል። የአንድ ቧንቧ ስፋት በእጥፍ ቢጨምር የሚያሳልፈው የውሃ መጠን 16 እጥፍ ያድጋል።

ይሁን እንጂ አፈሩ ሲደርቅ ወይም ጨው ሲበዛበት ውጥረቱ ይበረታል። በዚህ ጊዜ የአየር አረፋ ቧንቧው ውስጥ ተፈጥሮ የውሃውን ፍሰት ሊቆርጠው ይችላል። ለዚህ አደጋ በአብዛኛው ይበልጥ የሚጋለጡት ሰፋፊዎቹ ናቸው። ብዙ ቧንቧዎች ከተዘጉ ቅርንጫፉ፣ ሲብስም ዛፉ በሙሉ ይደርቃል።

በአብዛኞቹ ዛፎች ቧንቧዎቹ በሥር በኩል ሰፋ ብለው ወደ ግንዱና ወደ ቅርንጫፎቹ ጫፍ እየጠበቡ ይሄዳሉ። ውጥረቱ በሥር ዝቅተኛ ሲሆን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይጨምራል።

ለየአካባቢው የተለየ መፍትሔ

በኬንያ ጋዚ የባሕር ወሽመጥ ሪዞፎራ ሙክሮናታ በተባለው ማንግሮቭ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ዛፉ በደረቅ ወቅት በሚያበቅለው እንጨት ውስጥ ቧንቧዎቹ በዝተው እንደሚገኙ አሳይቷል። ቧንቧዎቹ ብዙ ሲሆኑ ጥቂቶቹ ቢዘጉ እንኳ ውሃው በሌሎቹ በኩል ያልፋል።

ጥድ በአንጻሩ ሰፋፊ ቧንቧዎች የሉትም። ውሃው የሚያልፈው አጫጭርና ጠባብ በሆኑ ሕዋሳት ነው። ጉዞው ዝግ ያለ ቢሆንም የጥድ ዝርያዎች በጥቅሉ የአየር አረፋን በመቋቋም ከሚታወቁት ዛፎች መካከል ናቸው።

ባኦባብ ደግሞ ለስላሳ በሆነው ግንዱ ብዙ ውሃ ያከማቻል። በማዳጋስካር የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ ክምችት ዝናብ ከመጣሉ በፊት አዳዲስ ቅጠሎችን ለማብቀል ይውላል።

ገደቡ የት ነው?

ውሃ አስተላላፊዎቹ ሕዋሳት ሥራቸውን የሚጀምሩት ከሞቱ በኋላ ነው። በመሆኑም ዛፍ ያረጀ እንጨቱን መልሶ ማስተካከል አይችልም፤ ለውጥ የሚያደርገው በአዲሱ እንጨት ላይ ብቻ ነው። የአየር ንብረቱ ከዚህ ፈጥኖ ከተለወጠ ጠንካራውም ይሸነፋል። በትግራይና አፋር ወሰን በሚገኘው የደስአ ደን በርካታ ጥዶች እንደቆሙ ደርቀዋል፤ ጉዳቱም የከፋው በዝቅተኛው የደኑ ክፍል ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ችግኝ ለሚተክሉ ሁሉ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ሁልጊዜ የሚጸና ዛፍ አይደለም፤ ዝርያው ከሚተከልበት ስፍራ ጋር መጣጣም ይኖርበታል።