አንድ ግቢ፥ ሁለት እረኞች

በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፥ በቀድሞው የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ መሬቱ ሲቆፈር ከወጡት አፅሞች መካከል ሁለቱ የሃይማኖት አባቶች ነበሩ። አንደኛው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፥ ሌላው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ቆመው አልቀደሱም። ደርግ ግን በአንድ ግቢ አስተኛቸው።

እኛ የድሬዳዋ ተማሪዎች ይህን ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ልናደርገው አንችልም። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ከመሆናቸው በፊት የሐረርጌ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ ከተማችንም በሀገረ ስብከታቸው ውስጥ ነበረች። ስማቸውን ስንጠራ ግን ብዙዎቻችን «እንዴት ሞቱ?» ከሚለው አናልፍም። እስቲ ዛሬ «ለምን አልሸሹም?» ብለን እንጠይቅ።

ለዚህ መልስ ለመስጠት ከማታለሉ መጀመር አለብን። አብዮቱ የመጣው «ያለ ምንም ደም» እየተባለ ነው። መፈክሩን ያመኑት ወጣቶች ብቻ አልነበሩም። መካነ ኢየሱስም ለውጡን በተስፋ ነበር የተቀበለችው። ጭሰኛው መሬት ያገኛል ሲባል፥ ምእመናኗ በአብዛኛው ገበሬ የሆኑ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትቃወም? ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚሆኑ ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ሲረሸኑ ግን መፈክሩ ምን እንደ ነበር ታየ። ታይዋን ገበያ ወርደን ዕቃ ስንገዛ ነጋዴው «ኦርጅናል ነው» ቢለን ገልብጠን ሳናይ ብር አናወጣም። መፈክር ግን ማን ገልብጦ ያያል?

አቡነ ቴዎፍሎስ በአዲሱ መንግሥት ዘመን ጳጳሳትን ሾሙ፤ መንግሥትን አላስፈቀዱም። ከተሾሙት አንዱ ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ ናቸው። ደርግ ይህን አልታገሠም። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፥ አዲሶቹንም ጳጳሳት ወኅኒ ከተተ። በምትካቸው ሌላ ፓትርያርክ ሲሾም እሳቸው ገና በሕይወት ነበሩ። ስለዚህም የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ሹመቱን አልተቀበለችም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፦ ጳጳስ መሾም የፓትርያርክ የዕለት ሥራው ነው። ጀብዱ አይደለም። አቡኑ የታሰሩበት ምክንያት የተጠሩበትን ሥራ መሥራታቸው ነው።

የቄስ ጉዲና ነገር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል፥ ምክንያቱም እሳቸው የመውጫ በር ተከፍቶላቸው ነበር። በወለጋ ቦጂ ተወልደው፥ ነቀምት ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተው፥ አሜሪካ ሚኒሶታ ሥነ መለኮት ተምረው፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ መክፈልን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ለልማት ገንዘብ የሚሰጡ፥ ለወንጌል ስብከት ግን የሚነፍጉ የውጭ ረጂዎችን ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. በደብዳቤ የሞገተችው በእሳቸው ዘመን ነው። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ በመሆናቸው የመንግሥት ዓይን በእጥፍ አረፈባቸው።

በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ታሰሩና ተለቀቁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንደገና ታስረው እንደገና ተለቀቁ። ይህማ ማስጠንቀቂያ እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ወዳጆቻቸው «ሦስተኛው መመለሻ የለውም» ብለው ለመኗቸው። የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ እንኳ እጃቸውን ያስገቡበት የመውጫ መንገድ ተዘጋጀ። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። መንጋው በመከራ ላይ እያለ እረኛው እንዴት ይሄዳል ነው መልሳቸው። ክርስቶስ ከሞተልኝ ወዲህ ሕይወቴ የግሌ አይደለም የሚለውን የጳውሎስን ትምህርት (2ኛ ቆሮንቶስ 5) ምክንያት አድርገው አቀረቡ።

በመካከላችን ክርክር ያስነሣው ይኸው ነው። አንዳንዶቻችን «ምክር አለመስማት እልኸኝነት እንጂ ታዛዥነት አይደለም፤ ሕያው ሰው ከውጭ ሆኖ የበለጠ ይሠራ ነበር» ይላሉ። ቀላል ክርክር አይደለም። ብዙ ደግ ሰዎች በዚያ ዘመን ወጥተዋል፤ ማንም ከሃዲ ሊላቸው አይገባም። ነገር ግን በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ላይ ያለውን ከይሁዳ የመጣውን የእግዚአብሔር ሰው እናስታውስ። እንጀራ አትብላ፥ ውኃም አትጠጣ ተብሎ ተልኮ ነበር። ንጉሡ ሲጋብዘው ጸና። አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጥቶ መልአክ ነግሮኛል ብሎ በሐሰት ሲያግባባው ግን ተመልሶ በላ፥ በመንገድም አንበሳ ሰበረው። ያንን ሰው የጣለው የንጉሥ ቁጣ ሳይሆን የርኅራኄ ቃል ነው። የቄስ ጉዲና ወዳጆች እንደ ሽማግሌው ነቢይ ዋሾዎች አልነበሩም፤ የተናገሩት እውነት ነበር፥ ሦስተኛው መመለሻ አልነበረውም። ሰውዬው ደግሞ ይህን አልካዱም። ማስጠንቀቂያውን ሰምተው፥ እውነት መሆኑን ዐውቀው፥ ቀሩ። እልኸኛ ሰው አደጋውን ያቃልላል፤ እሳቸው አላቃለሉትም። ለእኛ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ማታ ቄስ ጉዲና በዑራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ ሰዎች በመኪና አፍነው ወሰዷቸው። ወይዘሮዋን ከከተማ ዳር አውርደው ጣሏቸው። ቄሱ የተገደሉት በዚያችው ሌሊት መሆኑ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ስትነጋ ሐምሌ 22 ነበር፤ ከ43 ዓመት በፊት በዚያው ቀን፥ በ1928 ዓ.ም.፥ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን አላወግዝም ብለው በፋሺስት ጥይት የወደቁበት ዕለት። ፋሺስት አቡነ ጴጥሮስን በአደባባይ ነው የገደላቸው፤ ሕዝብ እንዲያይ፥ እንዲፈራ። ደርግ ግን ደበቀ። የመካነ ኢየሱስ ሰዎች ሲጠይቁ መንግሥት እጄ የለበትም አለ። አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው 1971 ዓ.ም. ሲገደሉ ምእመኑ አልተነገረውም፤ በቅዳሴ በሕይወት ያሉ እየመሰሉት ያሰባቸው ሰው ስንት ይሆን?

ዋጋውን የከፈሉት ግን ሟቾቹ ብቻ አይደሉም፥ ይህንንም ሳንሸሽግ እንጻፍ። ወይዘሮ ፀሐይ ባላቸው በተወሰዱ ማግሥት ዓመት ታስረው ተገረፉ፥ ዐሥር ዓመት ገደማም እስር ቤት ቆዩ። «እረኛው ቀረ» ስንል ከእረኛው ጋር የቀረች ሚስትና ልጆችም አሉ። «ጥሪው የእሳቸውም ነበር ወይ?» ብሎ የጠየቀን አንድ ጓደኛችን ነበር። ከእስር ከወጡ በኋላ ግን እምነታቸውን አልተዉም፥ ያሳለፉትንም ለሰው ተናገሩ።

አፅሙ የተገኘው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. ክረምት ቄስ ጉዲና በክብር ተቀበሩ፤ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዓመት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አረፉ።