አውራ ዶሮው ሞሪስ እና አንቀጽ 1225

ከፈረንሳይ ምዕራባዊ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ኦሌሮን የምትባል ደሴት አለች። ከዋናው ምድር ጋር ረጅም ድልድይ ያገናኛታል። በብርዱ ወራት ጭር ትላለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ግን እረፍት ፈላጊው ከየከተማው ይጎርፍባታል። በዚህች ደሴት፣ ሴን ፒየር ዶሌሮን በተባለው ከተማ፣ አንዲት ሴት ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ ታረባ ነበር። ከዶሮዎቹ አንዱ አውራ ነበር፤ ስሙም ሞሪስ።

ካጥሩ ማዶ ያለው ቤት የጡረተኛ ባልና ሚስት ነበር። ዓመቱን ሙሉ አይኖሩበትም ነበር። ኑሯቸው ሊሞዥ በኩል ነበር፤ ወደ ደሴቷ ብቅ የሚሉት ለማረፍ ነበር። ሰው ባሕር ዳር ቤት ገዝቶ ምን ይመኛል? እንቅልፍ። ሞሪስ ደግሞ ንጋት ሳይነግር የማይውል ፍጡር ሆነና ነገር መጣ።

ቅሬታው እያደር ወደ ክስ አደገ። ፈረንሳይ ውስጥ ያኔ ዊሲዬ የሚባል የሕግ ሹም ነበር፤ ያየውንና የሰማውን በጽሑፍ አረጋግጦ ለፍርድ ቤት ማስረጃ የሚያደርግ። ይህ ሹም በማለዳ ተጠርቶ መጣ። እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ እዩት፦ ኮት ለብሶ፣ ብዕር ይዞ፣ ሰዓቱን እያየ ዶሮ እስኪጮህ የሚጠብቅ የመንግሥት ሹመኛ! ሞሪስም አላሳፈረውም፤ ጮኸ። ሹሙም ጻፈ። የጩኸቱ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ30 እስከ 1 ሰዓት ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በዶሮ ጩኸት የነቃ ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ መሳቁ አይቀርም። በእኛ ሚዛን ሞሪስ አርፋጅ ነው።

የከሳሾቹ ጥያቄ አጭር ነበር፤ ወይ ዶሮው ይራቅ፣ ወይ ዝም ይበል። መራቁስ ይሁን። ዝም ማሰኘቱን ግን የጃፓኑ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቢጠየቁ ተስፋ ባስቆረጧቸው ነበር። በ2005 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት እንዳሳየው አውራ ዶሮ ቀንና ሌሊት በማይለይ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ተዘግቶም ቢሆን ሰዓቱን ጠብቆ ይጮኻል። ሰዓቱ ያለው በገላው ውስጥ ነውና ማለዳውን በመጋረጃ ልትሸፍኑበት አትችሉም። ቆየት ብለው ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ በአንድ ቆጥ ብዙ አውራዎች ካሉ መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ።

ወደ ሙግቱ ልመልሳችሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ ሰኔ 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ጉዳዩ በሮሽፎር ከተማ ፍርድ ቤት ተሰማ። ሞሪስ አልመጣም። ወዳጆቹ ግን መጥተዋል፤ አንዳንዶቹም የየራሳቸውን ዶሮ ታቅፈው ነው የመጡት። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ለዶሮው የድጋፍ ፊርማ አስቀምጧል። ጋዜጠኛው ከየአገሩ ተሰብስቧል። የበላ ልበልሃ ዘመን ሰዎች ቢኖሩ ኖሮ ሙግቱ ባማራቸው ነበር። የከሳሾቹ ጠበቃ የያዘው ነጥብ ቀላል አልነበረም፤ ይህ ገጠር አይደለም፣ ቤት ከቤት የተያያዘበት የመኖሪያ ሰፈር ነው፣ ጩኸት ደግሞ የትም ጩኸት ነው አለ። የዶሮው ባለቤት ወገን ደግሞ ይህች ደሴት ከጥንትም ዶሮ ያለባት አገር ናት፣ የመጡት እነሱ ናቸው ሲል መለሰ።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ የፈረንሳይ ዳኞች ዶሮ ሲቀርብላቸው ይህ የመጀመሪያቸው አይደለምና። በ1987 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሪዮም ከተማ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሳሌድ ከምትባል መንደር የመጣ የዶሮ ቤት ክርክር ገጠመው። መንደሯ ያኔ የ402 ነፍስ መንደር ነበረች፤ ይህንን ቁጥር ዳኞቹ ራሳቸው በፍርዱ ውስጥ ጽፈውታል። ቀጥለውም ዶሮ ምንም የማታደርግ ሞኝ እንስሳ መሆኗን፣ የቻይና ሰርከስ እንኳ ሊያሠለጥናት እንዳልቻለ አተቱ። ከሷ ጋር መጎራበት ማለት ብዙ ዝምታ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ማስካካት እንደሆነ፣ ማስካካቱም እንቁላል ስትጥል የደስታ፣ ትል ስታገኝ የእርካታ፣ ቀበሮ ስታይ የድንጋጤ መሆኑን ዘረዘሩ። በዚህ ጎረቤትነት የሚቆጣ ሰው በሌላ ምክንያት በዶሮዎቹ ባለቤት ላይ ቂም የያዘ ብቻ ነው ሲሉም ደመደሙ። እኔ እንደሚመስለኝ ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ከሙሉው ሐተታ ትበልጣለች። የብዙ ዶሮ ክስ መነሻው ዶሮ አይደለም፤ አጥር ነው፣ ወሰን ነው፣ ያልተመለሰ ሰላምታ ነው።

ታዲያ ይህ ውብ ፍርድ አልጸናም። በ1989 ዓ.ም. የሰበር ፍርድ ቤቱ ሻረው። ስለ ዶሮ ጠባይ በጠቅላላው ማተት በቂ አይደለም፤ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ጎረቤት ላይ የደረሰው ሁከት ከልክ ያለፈ መሆን አለመሆኑ ነው መመርመር ያለበት ተባለ። የቻይናው ሰርከስ ቀልድ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪ ያስቃል፤ ሕጉ ግን የሰበሩ ነው።

ሮሽፎር ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ፍርዷን ሰጠች። ከሳሾቹ ሁከቱን አላስረዱም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ለዶሮው ባለቤት 1,000 ዩሮ ካሳና ወጪዋን እንዲከፍሉም ታዘዙ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ ለዕንቁጣጣሽ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሞሪስ በፍርድ ቤት ሲጮህ እንዲኖር በተፈቀደለት ሰሞን የእኛ አገር ባልደረቦቹ እግራቸው ታስሮ ወደ ሾላና ወደ መርካቶ ይጓዙ ነበር።

ነፃነቱን ብዙ አላጣጣመውም። በ2012 ዓ.ም. በጉንፋን መሰል የዶሮ በሽታ ሞተ፤ ባለቤቱም እዚያው ጓሮዋ ቀበረችውና ሌላ አውራ አምጥታ በስሙ ጠራችው። በዚያው ሰሞን ደግሞ አርዴሽ በተባለው አውራጃ ማርሴል የሚባል ሌላ አውራ ዶሮ የከፋ ነገር ገጠመው። ጩኸቱ ያማረረው ጎረቤት ፍርድ ቤት አልሄደም፤ በጥይት መትቶ፣ በብረት ደብድቦ ገደለው። በ2013 ዓ.ም. በገደብ የታገደ የአምስት ወር እስራት ተፈረደበት።

ይህ ሁሉ ጫጫታ ሕግ ወለደ። ገና ከሞሪስ ችሎት በፊት የጋዣክ መንደር ከንቲባ ብሩኖ ዲዮኒ ዱ ሴዡር፣ የደወል ድምፅና የላም እምቧታ የገጠር ቅርስ ይባልልን የሚል ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ከሎዜር የተመረጡት የፓርላማ አባል ፒየር ሞሬል አ ልዊሲዬ ሐሳቡን ረቂቅ አደረጉት፤ ጥር 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ሕግ ሆኖ ጸደቀ። የገጠር ድምፅና ሽታ የአገር የጋራ ሀብት አካል ነው የሚል ሕግ ነው፤ ዶሮ ጩኸትን ብቻ ሳይሆን የፍግ ሽታንም ያቅፋል። በእርግጥ ከዳኛ ፊት የሚያድን ጋሻ አይደለም፤ ይበልጥ የክብር መግለጫ ነው። ጥርስ ያለው ሕግ የወጣው ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን ከልክ ያለፈ የጎረቤት ሁከት ያደረሰ ሰው ተጠያቂ ነው የሚለው ደንብ በፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ገባ። አብሮም አንድ በር ተከፈተ፤ ሕግን አክብሮ የሚሠራ፣ ከሳሹ ወደ ሰፈሩ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ሥራ ከሆነ ባለቤቱ አይጠየቅም። ከዚያ በፊት ፈረንሳዮች ከልክ ያለፈ ሁከት የሚለውን ሐሳብ ከዳኞች ፍርድ ነበር የሚያገኙት፤ ስመ ጥሩው የሰበር ውሳኔም የ1979 ዓ.ም. ነው።

ታሪኩን ለእናንተ የማወራበት ምክንያት አሁን መጣ። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አንቀጽ 1225ን ግለጡ። ባለሀብት ጎረቤቱን ማወክ የለበትም ይላል። ጢሱ፣ ጥላሸቱ፣ መጥፎ ሽታው፣ ጩኸቱና ንዝረቱ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ደግሞ ልኩ ሲመዘን የአገሩ ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ጠባይ ይታይ ይላል። ፈረንሳይ በ2016 በሕግ መጽሐፏ ያሰፈረችውን ሐሳብ፣ የገዛ ልጇ ለአዲስ አበባ 64 ዓመት ቀድሞ ጽፎት ነበር ማለት ነው። የአገሩ ልማድ የምትለዋ ደግሞ የሮሽፎርን ክርክር በሙሉ ቀድማ ጨርሳዋለች። አንድ አውራ ዶሮ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ሲጮህና ቦሌ ፎቅ ላይ ሲጮህ አንድ ዓይነት ጩኸት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንቀጽ 2073ንም ላንሳው፤ ሳልናገረው ብቀር ይቆጨኛል። የቤት እንስሳ ጉዳት ካደረሰ፣ ጥፋቱ የባለቤቱ የራሱ ካልሆነ በቀር፣ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው አሳልፎ በመስጠት ከኃላፊነት ነፃ ሊወጣ ይችላል። ሞሪስ የእኛ ዜጋ ሆኖ የጡረተኞቹን የጎመን መደብ ጭሮ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ውሰዱት ብላ ልትገላገል ትችል ነበር። እነዚያ ምስኪኖች ደግሞ የሞሪስ ባለቤት ሆነው ያድሩ ነበር።

ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደግሞ በልማድ ከመመዘን ይልቅ ይቆጥራሉ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሲያትል በ2002 ዓ.ም. ለአንድ ግቢ የሚፈቀደውን ዶሮ ከ3 ወደ 8 ስታሳድግ አውራውን ከለከለች። ዴንቨር በዓመቱ 8 ዶሮ ወይም ዳክዬና ሁለት ድንክ ፍየል ፈቀደች፤ አውራ ግን የለም። ኒው ዮርክ ለእንቁላል ጣዮች ቁጥር አላስቀመጠችም፣ አውራ፣ ዳክዬ፣ ዝይ ግን አይፈቀድም። ቁጥር ጥሩ ነገር አለው፤ ከመግዛትህ በፊት ታውቀዋለህ፣ ዳኛም ዊሲዬም አያስፈልግህም። ሰፈር ለሰፈር ያለውን ልዩነት ግን አያይም።

እኛ ዘንድ ነገሩ የጠበበው ሰው ከግቢ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲወጣ ነው። ሕንፃዎቹን የነደፉት ሰዎች ይህን አስበውት ነበር፤ በየሳይቱ ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ ቤት ሠርተዋል። ኮሚዩናል የምንለው እሱ ነው። ለእርድ የሚሆን ቦታ ተሰጠ፤ ከመታረዱ በፊት ዶሮው የት እንደሚያድር ግን ማንም አልተናገረም። ስለዚህ በበዓል ዋዜማ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ታስሮ ያድራል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓትም ብሎኩን በሙሉ ይቀሰቅሳል። በሌላ በኩል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በየቤቱ እንቁላልና ዶሮ እንዲበዛ ይወተውታል። ሁለቱን የሚያስታርቀው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው፤ ቤት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው መተዳደሪያ ደንባቸውን ራሳቸው እንዲያወጡ ሥልጣን ሰጥቷል። ሥልጣኑ ስላለ ግን ሥራ ላይ ውሏል ማለት አይደለም። የማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ውኃ ታንከርና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ሲጮህ የሚያመሽ ሰው፣ ሌሊት ስለሚጮኸው ዶሮ አንድ መስመር ለመጻፍ ይሰንፋል።

እንግዲህ ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ ደንባችሁን አውጥታችሁ ስለ እንስሳት የሚለውን አንብቡ፤ ከሌለ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙ፣ ቁጥርና ሰዓት ወስኑለት። ግቢ ያላችሁ፣ 1225ን አንብቡ፤ ሦስተኛውን ንዑስ አንቀጽ ሳትዘሉ። ከሁሉ በፊት ግን የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ዶሮው ለምን እንደተገዛ ጠይቁ። ለበዓል ከሆነ ክስ ከመጻፋችሁ በፊት ጉዳዩ በድስት ይዘጋል።